የቀመሰ አይቀድስም

መድኃኒት ጥርሱ ውስጥ ታሽጎበት ያደረ ሰው ጾመ ይባላል ወይስ ቀመሰ?

ጥያቄው በነሐሴ አሥራ ሁለት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ የጥርስ ሐኪሟ ውብአለም ስልክ ላይ ደረሰ። የላኩት አጎቷ የኔታ ደምሴ ነበሩ። የኔታ በደብረ ታቦር ዳርቻ ባለች አንዲት ደብር ድጓ ያስተምራሉ፤ ሰሞናቸው ሲደርስም ይቀድሳሉ። ስልክ የያዙት በስተርጅና ቢሆንም መልእክት መጻፍ ይወዳሉ፤ ፊደል ሳይገድፉ፣ ነጥብ ሳያጎድሉ ነው የሚጽፉት። ለሚላክላቸውም ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ በአንዲት የግእዝ ቃል ይመልሳሉ፤ እሺ ከሆነ «ኦሆ»፣ አይሆንም ከሆነ «አልቦ»። ውብአለም ሀንጋሪ በተማረችባቸው ስድስት ዓመታት በየእሑዱ «ደኅና ነዎት?» ብላ ስትልክ በየእሑዱ «ኦሆ» ይመጣላት ነበር። አንድ ክረምት ታመው ሆስፒታል ተኝተው እንኳ «ኦሆ» ብለዋት፣ መታመማቸውን የሰማችው ከዳኑ በኋላ ነው።

መልእክቱን ያነበበችው የጥርስ ብሩሽ በአፏ እንደያዘች ነው። አረፋውን ተፋች፣ ተጉመጠመጠች፣ እንደገና አነበበችው። መድኃኒት በጥርስ ሥር ውስጥ ታሽጎ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሟሟ፣ በየት በኩል ሊያመልጥ እንደሚችል ተምራለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏም በዚሁ ላይ ነበር። መድኃኒቱን ይዞ ያደረው ሰው ጾመኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የጠየቃት ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። «ጾመዋል» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። «ለምን ጠየቁኝ?» ብላ ጻፈች፤ ይህንንም አጠፋችው። ስልኩን አልጋው ላይ ጥላ ሹራቧን ስታጠልቅ የየኔታ ባለቤት እትዬ ትርንጎ ደወሉ።

«ውቤ፣ ነይማ። ጉንጩ ድንች አክሏል። እኔን አይሰማኝም፤ አንቺን ይሰማሽ እንደሁ።»

«መቼ ጀመረው?»

«እኔ በምን አውቄ። ጋቢውን አይገልጥ፣ ቃል አይተነፍስ።»

ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነበር። የባጃጁ ሾፌር አምስት ብር የነበረውን አሥር አላት፤ አልተከራከረችም። የጉና ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ከገብሱ ማሳ ባሻገር ለነገው ቡሄ ጅራፍ ይጮኻል። ከተመለሰች ሁለተኛ ክረምቷ ነው፤ እስካሁን ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ትከሻዋ ብድግ ይላል። ሾፌሩ በመስተዋቱ አይቷት ፈገግ አለና «የዚህ አገር ሰው አይደለሽም?» አላት። «ነኝ» አለችው። 

የኔታ ቤት አንድ ክፍል ናት። ግድግዳዋ በጋዜጣ ተለብጦ፣ ጋዜጣው በጭስ ቡኒ ሆኖ፣ ቀና ብሎ ላነበበው ያረጀ የጨረታ ማስታወቂያ ይታያል። በአንደኛው ጥግ መቋሚያቸው ተደግፏል፤ በሌላው የጤፍ ጆንያ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ድጓ ተቀምጧል፣ አይጥ እንዳይነካው በላዩ ሳህን ተደፍቶበታል። ተማሪዎቻቸው ለፍልሰታ ሱባኤ ወደ ደብሩ ገብተው ግቢው ጭር ብሏል። የኔታ መደቡ ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ተቀምጠው ነበር። ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደች ወረቀት በጥንቃቄ ታጥፋ ተቀምጣለች። ውብአለም ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም ወረቀቷን አንሥተው ሰጧት። ስትከፍታት በውስጧ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ነጭ ድፍን፣ ትንሽ ጥጥ፣ ደርቆ አመድ የመሰለ ቅባት ነበረ። ከአሥር ቀን በፊት በታችኛው ግራ ክራንቻ ጥርሳቸው ውስጥ በእጇ ያሸገችው ነው።

«ምን አደረጉት፣ የኔታ?»

«አወጣሁት።»

«በምን?»

እትዬ ትርንጎ ከምድጃው በኩል ብቅ ብለው የስንደዶ መስፊያ ወስፌያቸውን አሳዩአት። «በዚህ። እኔ ጠፋብኝ ብዬ ቤቱን ሳምስ፣ ለካ የቤቱ አባወራ አፉን ይሰፋበታል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ተይኝ» አሉ የኔታ። ድምፃቸው በግራ በኩል ታፍኗል። «ሦስት ሌሊት ምላሴን መረረኝ። እንደ ዝገት። እተኛለሁ፣ ይመረኛል፤ እነቃለሁ፣ ይመረኛል። የቀመሰ ደግሞ አይቀድስም። ሰሞነኛው እኔ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ቄስ ተክቼ ራሴን አሞኛል እያልሁ ቀረሁ። ነገ ደብረ ታቦር ነው። ነገስ ምን ልበል? ስለዚህ አወጣሁት።» ትንሽ አረፉና ወደ ወረቀቷ በአገጫቸው አመለከቱ። «ዕቃሽን ውሰጂ። ውድ ነው ብለሽኝ ነበር።»

ውብአለም ወረቀቷን አጥፋ በኪሷ ከተተች። ድፍኑ ስስ መሆኑን በጣቷ ብቻ አውቃዋለች። ያን ቀን መብራት ሄዶ ነበር፤ የክሊኒኳ ነርስ ሲሳይ በስልኩ ባትሪ እያበራላት፣ የኔታ ለማታ ጸሎት እንዳይረፍድባቸው እየቸኮሉ፣ እሷም እየቸኮለች ደፈነችው። ሊወፍር የሚገባውን ግማሹን እንኳ አላወፈረችውም። መድኃኒቱ በዚያ በኩል እያዠ ሦስት ሌሊት ምላሳቸው ላይ አደረ ማለት ነው። ይህን አሰበች እንጂ አልተናገረችም። ጋቢውን ገልጣ አየቻቸው። ጉንጫቸው ሳይሆን ከመንጋጋቸው ሥር ነው ያበጠው፤ ቆዳው ግሏል፣ ይንጸባረቃል። አፋቸውን አስከፍታ ከምላሳቸው ሥር በጣቷ ነካች። ገና ለስላሳ ነው። እዚያ ከደረሰ ምላሳቸውን ወደ ላይ ገፍቶ ትንፋሻቸውን እንደሚዘጋ፣ አንዳንዴም አንድ ሌሊት እንደሚበቃው ታውቃለች።

«ዛሬውኑ ተከፍቶ መፍሰስ አለበት» አለች። «አለበለዚያ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል።»

«ደም አለው?»

«አለው።»

«ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባም።»

«እስከ ነገ ይቆማል።»

«ማይልኝ።»

አልማለችም። እትዬ ትርንጎ በመካከላቸው ቆመው አንዴ እሷን አንዴ ባላቸውን ያያሉ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። ከዚያ የኔታ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ፣ ዝግ ብለው ጠየቋት።

«ይኸን መድኃኒት ከኔ በፊት አድርገሽው ታውቂያለሽ?»

«አዎ» አለች። «በአርባ ሁለት ጥርስ ላይ።»

«ጎሽ» አሉ የኔታ።

«አርባ ሁለት!» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ታዲያ በአርባ ሁለቱ ደኅና የነበረ፣ አንተ ጋ ሲደርስ ወስፌ አገኘው።»

የኔታ በግማሽ አፋቸው ሳቁ፤ ሳቁ አሳመማቸውና ጉንጫቸውን ያዙ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግን አልመጣም አሉ። ውኃ በአፋቸው የሚገባ ከሆነ ጾም እስኪፈታ ነው። ለታመመ ተፈቅዷል ብትላቸው፣ «ተፈቅዷል። እኔ ግን የምታከመው ነገ ልቀድስ ብዬ ነው። ለመቀደስ ብዬ ጾሜን ገድፌ፣ ምን ብዬ እገባለሁ?» አሏት።  ይዛላቸው የመጣችውን የጀርም መድኃኒት እንክብል በርጩማው ላይ አስቀምጣ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ጾሙን ሳይጠብቁ እንዲደውሉላት ለእትዬ ትርንጎ ነግራ ወጣች።

ክሊኒኩ ከአንድ የሕንጻ መሣሪያ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሥር ብረት ሲቆረጥ ይሰማል፤ አዲስ ታማሚ ከሆነ ድምፁ ከውስጥ የሚመጣ መስሎት ከደረጃው የሚመለስበት ጊዜ አለ። ሲሳይ መጥረጊያውን ይዞ የጓንት ዋጋ እንደጨመረ ነገራት፤ ፓኮው መቶ ሠላሳ የነበረው መቶ ሰማንያ ገብቷል። ከዚያ ከይፋግ የመጣ አንድ ገበሬ ገባ። ጥርሱ ሊድን የሚችል ነበር። ማዳኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀ፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ አለችው። መንቀሉስ? መቶ ሃምሳ። ገበሬው ወደ ሲሳይ ዞር ብሎ፣ «ንቀሉልኝ። ፍልሰታ ሲፈታ በተረፈው ብር በግ እገዛና በቀሩት ጥርሶቼ እበላዋለሁ» አለ። ሲሳይ ሳቀ። ውብአለም ነቀለችለት። ጥርሱን በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠው ሊጥለው ይሁን ሊያስቀምጠው ሳታውቅ በደረጃው ወረደ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሲሳይ ሊያርፍ ሲሄድ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ከማደንዘዣው ጀርባ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ በውስጡ አሥራ አንድ ስስ ሲሪንጆች፣ በላያቸው በእጅ የተጻፈ ቁጥር። አሥራ ሁለት ነበሩ። ቅባቱ ዘወትር የጥርስ ሥር የሚታሸግበት ነጩ መድኃኒት ነው፤ ልዩ የሚያደርገው የተቀላቀለበት የብር ማዕድን ብናኝ ነው። አንዲት የጸጉር ዘለላ በውፍረቷ ሁለት ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ ከስንጥቁ አንዱን ያህላል፤ ናኖ የሚሉት ይህን ነው። ጀርሞች ከሕክምና የሚያመልጡት በጥርሱ ግድግዳ ውስጥ ባሉ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ተደብቀው ነው፤ ብናኙ ግን ከቱቦዎቹ ይቀጥናል፣ ተከትሏቸው ይገባል። ሀንጋሪ በተማረችበት ቤተ ሙከራ ገብቷል። አርባ ሁለቱ ጥርሶች ሁሉ ተነቅለው በጠርሙስ የተቀመጡ፣ ባለቤት የሌላቸው፣ ምላስና ደም የማያውቁ ጥርሶች ነበሩ። በሰው አፍ እንዲገባ የፈቀደ አገር አልነበረም። ሀንጋሪም አልፈቀደችም፣ እዚህም የተጠየቀ የለም። ሲሪንጆቹን በሻንጣዋ ያመጣቻቸው ልትጠቀምባቸው ሳይሆን ልትጥላቸው ስላልቻለች ነው፤ ለራሷ የምትነግረው እንዲህ ነው።

የኔታ ጥርስ በተለመደው መድኃኒት ሁለቴ ታክሞ ሁለቴ አገርሽቶ ነበር። መነቀል ነበረበት። እሳቸው ግን ከታች የቀራቸው ጥቂት ስለሆነ፣ «ይህችን ተዪልኝ፤ ድምፄ እሷ ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው» ብለው ለመኗት። እሷም ቆርቆሮውን ከፈተች። አዲስ መድኃኒት ነው አለቻቸው። አዲስ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቋትም። በዚያው ምሽት ራጃቸውን በኮምፒውተሯ አስቀምጣ የፋይሉን ስም «ታማሚ አንድ» አለችው፤ ለዶክትሬት ማመልከቻዋ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልጋት ነበር። ለጥርሱ ብላ የቱን ያህል፣ ለፋይሉ ብላ የቱን ያህል እንዳደረገችው ለማወቅ አሁን ሞከረች። አልተለየላትም። ሊሰማት የሚገባውን ነገር ጠበቀች፤ የመጣው ከሥር ብረት የሚቆርጠው ድምፅ ብቻ ነው።

እብጠቱ ከጀርሙ ይሁን ወይስ ቅባቱ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ሥጋውን አስቆጥቶት፣ በዚህ ምድር ሊያውቅ የሚችል ሰው ካለ ሀንጋሪ ያስተማራት ፕሮፌሰሯ ነው። ጻፈችለት። የታማሚውን ዕድሜ፣ ቀኑን፣ እብጠቱ ያለበትን ቦታ፣ የሲሪንጁን ቁጥር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መለሰ። መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይህን መልእክት አላነበብሁትም፣ አንቺም አልጻፍሽልኝም ይላል። ሁለቴ አነበበችው። ቆርቆሮውን ከማደንዘዣው ጀርባ መለሰችና የማቀዝቀዣውን በር ዘጋች።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የኔታ በእትዬ ትርንጎ ክንድ ተደግፈው ደረጃውን ወጡ። በየደረጃው አረፉ። ወንበሩ ላይ ሲጋደሙ ጥምጥማቸውን አውልቀው ለሚስታቸው ሰጡ፤ ያለ ጥምጥም ራሳቸው ትንሽ ነበረ። እትዬ ትርንጎ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ውብአለም አደነዘዘቻቸው፣ ጠበቀች፣ በከንፈራቸው ነክታ እንደማይሰማቸው አረጋገጠች። ጥርሱን ስትከፍተው መግሉ ወዲያው መጣ፤ ሽታውን ሲሳይ ፊቱን ሳያዞር ቻለው። ድዱን በትንሹ ቀደደች። ደሙ ከፈራችው ያነሰ ነበር። ሥሩን ደጋግማ አጠበች፣ ግራጫው ቅባት በውኃው ወጣ፤ እየቀጠነ፣ እየነጣ ሄደ። ሲሳይን የቁስል ጨርቅ እንዲያመጣ ወደ ማዶ ክፍል ላከችው። የኔታ አፋቸው በጥጥ ተሞልቶ፣ መብራቱ ላይ አፍጥጠው ነበር።

«የኔታ» አለች። እጇ ሥራውን አላቆመም። «ያ መድኃኒት በሰው ተሞክሮ አያውቅም። አርባ ሁለት ያልሁዎት የተነቀሉ ጥርሶች ናቸው፣ ጠርሙስ ውስጥ ያሉ። በሰው አፍ የገባው በእርስዎ ነው መጀመሪያ። አልተፈቀደም። ድፍኑንም ስስ አድርጌው ነው ያፈሰሰው።»

ዓይናቸው ከመብራቱ ወደ እሷ መጣ። የተቆጣ አልነበረም፣ ያዘነም አልነበረም፤ በማስተማር ላይ ሳሉ ተማሪ ሲስት ዜማውን አቁመው እንደሚያዩት ነበር የሚያዩአት፤ እስኪያርም ድረስ የሚጠብቁ ዓይነት። ከዚያ ሲሳይ ገባ። ዓይናቸው ወደ መብራቱ ተመለሰ።

ስትጨርስ የቁስል ጨርቁን አስነከሰቻቸው፣ ወንበሩን ቀና አደረገችው። የነገሩ ሁሉ ፍጻሜ እንደወትሮው ቢሆን መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ግንባሯን ያስነኳት ነበር። እጃቸው ግን ጉንጫቸውን ይዞ ነበር። እትዬ ትርንጎ ጥምጥሙን ራሳቸው ላይ ጠቀለሉላቸውና እንክብሉ በስንት በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ጠየቁ። ውብአለም ነገረቻቸው። አሁን አንድ፣ ከመኝታ በፊት አንድ፣ ነገ ግን ከቅዳሴ መልስ።

«ማደንዘዣው ነው አይደል ዝም ያሰኘው?» አሉ እትዬ ትርንጎ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ሁለት ሰዓት። ቢበዛ ሦስት።»

ከመስኮቱ ሆና ባጃጅ ሲጠሩ አየቻቸው። እትዬ ትርንጎ በዋጋ ሲከራከሩ የኔታ ወደ ሰማይ እያዩ ቆመዋል። ሲሳይ ከኋላዋ የጓንቱን ፓኮ እየቆጠረ፣ ነገ በዓል ስለሆነ እንደማይገቡ አስታወሳት፤ «ሙልሙል የሚሰጥዎት ሰው አለ፣ ዶክተር?» አላት። እንዳለ ነገረችው።

በማግስቱ ቁርሷን በላች። ከዚያ ወደ ደብሩ ሄደች። ስለበላች ወደ ውስጥ አልዘለቀችም፤ ከቅጥሩ ውጭ፣ ጃንጥላ ከያዙ ሴቶች ጀርባ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከሩቅ ጅራፍ ይጮኻል። ቅዳሴው ሲገባ ድምፅ ማጉያው ተንጫረረ፣ ጸጥ አለ፣ ከዚያ የኔታ ድምፅ መጣ። ከግራ በኩል ትንሽ ይጎተታል፤ አንዳንዱ ፊደል ሙሉ ሆኖ ሳይወጣ አየር ይቀድመዋል። ግን እሳቸው ናቸው። ደሙ ቆሟል ማለት ነው። ትንፋሻቸውም አልተዘጋም። አጠገቧ ያሉት ሴት፣ «የኔታ ደምሴ ተሽሏቸው ኖሯል፣ ተመስገን» አሉ። ውብአለም ራሷን ነቀነቀች። የሚሰማትን ጠበቀች፤ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ብርድ በቀር የተሰማት አልነበረም። ሰዉ ሲሰግድ ሰገደች፣ ሲቆም ቆመች።

ሕዝቡ ሊወጣ ሲል ስልኳን አወጣች። የትናንቱ የየኔታ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳለ ነበር። ከሥሩ ጻፈች፤ ምንም ሳታጠፋ።

«የኔታ፣ ድምፅዎን ሰማሁ። እንክብሉን አይርሱ። ትናንት ለጠየቁኝ፦ ቀምሰዋል። ያስቀመስሁዎት እኔ ነኝ።»

ስልኩ መልእክቱ መድረሱን ነገራት። ከቅጥሩ ጥግ ቆማ የኔታ በካህናቱ መካከል ሲወጡ አየች፤ አንድ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተው ስልካቸውን አወጡ፣ ከዓይናቸው አራቁት፣ ረዥም ጊዜ ያዙት፣ መልሰው ከተቱት። ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ጾሙ ተፈታ። እትዬ ትርንጎ ደውለው እብጠቱ መጉደሉን፣ የኔታም ሥጋ በቀኝ በኩል ማኘካቸውን ነገሯት፤ ድምፃቸው ውስጥ አንዳች ነገር ፈልጋ አላገኘችም። ክረምቱ ወጣ፣ ዘመን ተለወጠ። ከየኔታ ኦሆም፣ አልቦም አልመጣም።